ብራህማ ዶሮ፦ ክብደቷን፣ እግሯንና ጠባይዋን አውቆ ለማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ብራህማ በቀላሉ የምትሞት ዶሮ አይደለችም። የምትበላሸው እንደ ቀላሏ እንቁላል ጣይ ዶሮ ስትያዝ ነው። ቆጡ ከፍ ይላል፣ መኖው ይከብዳል፣ ግቢው ይጨቀያል፣ ጎረምሳው አውራ እንደ ድመት ይታቀፋል። በስምንተኛው ወር ላይ የሚያነክሱ ሴቶችና ሰው የሚያሳድድ አውራ ይቀራሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገሮችን ያዙ። ብራህማ ከባድ ናት፦ በአሜሪካው የዝርያ መስፈርት ላይት የሚባለው (ነጣ ያለው) ዓይነት ሙሉ አውራ 12 ፓውንድ (5.4 ኪሎ)፣ ሙሉ ሴት 9.5 ፓውንድ (4.3 ኪሎ) ይመዝናሉ። እግሯ እስከ መካከለኛው ጣቷ ድረስ ላባ ለብሷል። ዘግይታ ትደርሳለች። ረጋ ያለች ናት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ አራቱ የሚመጣ ነው። መመሪያው በዋናነት በአሜሪካ በጓሮ ለሚያረቡ ነው፤ ሌላ አገር ያላችሁም የመኖውን ስም ብቻ ቀይራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ከመግዛት በፊት

የከተማችሁን ደንብ አንብቡ። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሴት ዶሮ በቁጥር ወስነው ሲፈቅዱ አውራን ጨርሶ ይከለክላሉ። ይህን ሳታዩ ጾታቸው ያልተለየ ጫጩቶች ከገዛችሁ ግማሽ ያህሉ አውራ ይሆንባችኋል። ብራህማ ደግሞ ዘግይታ ስለምትለይ እስክታውቁት ሦስት ወር ያልፋል፣ ልጆቹም ስም አውጥተውላቸዋል።

በብዛት ከሚፈለፍል ድርጅት የምትገዙት ብራህማ ከመስፈርቱ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ለእንቁላልና ለጓሮ ይበቃል። ትልቁን ቁመናና ወፍራሙን የእግር ላባ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ዝርያውን ለትርኢት ከሚያራባ ሰው ግዙ፤ ስትገዙም የወላጆቹን እግር እዩ። ጣታቸው የተጣመመ ወይም ሲቆሙ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ተዉት። በመኖ የሚስተካከል ጉድለት አይደለም።

ከስድስት በታች አትጀምሩ። ቀድሞ ሌላ ዝርያ ካላችሁ ብራህማዎቹን ቢያንስ ሦስት አድርጋችሁ አስገቡ። ብቻዋን የገባች ብራህማ መመኪያ የላትም።

2. ቤቱን ጫጩቶቹ ሳይመጡ ጨርሱ

ስፋት፦ ለአንዷ ቤት ውስጥ ግማሽ ካሬ ሜትር፣ ውጭ ቢያንስ 1.5 ካሬ ሜትር። ከዚህ ካነሰ ጉዝጓዙ ቶሎ ይረጥባል፣ የእግር ላባውም አብሮ ይበላሻል።

ቆጥ፦ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ አይለፍ። ከባድ ዶሮ ወደ ላይ መውጣቱን ትችለዋለች፤ የሚጎዳት ጠዋት መውረዱ ነው። አራት ኪሎ ከአንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ መዳፏ ሥር ቁስል ይተዋል፣ መገጣጠሚያዋንም ይመታዋል። ሁለት በአራት የሚባለውን የግንባታ እንጨት ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድሙት፤ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጠፍጣፋው ቆጥ ላይ ስትቀመጥ ሆዷ ጣቶቿን ስለሚሸፍን በክረምቱ ብርድም ይጠቅማታል። ለአንዷ 30 ሴንቲ ሜትር ቆጥ መድቡ። ቆጦቹን እኩል ከፍታ ላይ አድርጓቸው፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እሱን ፈልገው ይጣላሉ።

በርና መጣያ፦ መውጫዋ 35 ሴንቲ ሜትር በ45 ይሁን። የእንቁላል መጣያ ሣጥኑ 40 በ40፣ ከወለሉ ብዙም ያልራቀ፣ ጭዱም ወፍራም ይሁን። ለመደበኛ ዶሮ ተብሎ የሚሸጠው ሣጥን ይጠብባታል፤ ስትዞር እንቁላሉን ትረግጠዋለች።

አየር፦ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት በኩል ክፍተት ተዉ። ብራህማ ደረቅ ብርድን ትችላለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። በር ስትከፍቱ የሽንት ሽታ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ ክፍተቱ አንሷል ወይም ጉዝጓዙ መቀየር አለበት።

አጥር፦ 90 ሴንቲ ሜትር እሷን ይይዛታል፤ አትበርም። አጥሩን ከፍ የምታደርጉት ለውሻ፣ ለቀበሮና ለራኩን ነው። ሌሊት በር መዝጋትን የሚተካ ግን አጥር የለም።

3. የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት

1. ሣጥኑን ከአንድ ቀን በፊት አሙቁ። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ላይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትሩን ብቻ አትመኑ። መብራቱ ሥር ተቆልለው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ጥግ ላይ ክንፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ከአንዱ ጎን ብቻ ሙቀት ይኑር፣ ሌላው ጎን ይቀዝቅዝ፤ ራሳቸው ይመርጣሉ።

2. ወለሉ ላይ ጋዜጣም ልሙጥ ካርቶንም አታንጥፉ። ከባድ ጫጩት በልሙጥ ነገር ላይ ስትቆም እግሮቿ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈቱባታል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የማያንሸራትት የወጥ ቤት መደርደሪያ ላስቲክ ወይም ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ፤ ከዚያ ሰፋ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ አድርጉ። ደቃቅ ሰጋቱራ አይሁን፤ መኖ መስሏቸው ይበሉታል።

3. በፖስታ የመጡ ጫጩቶች ሲደርሱ መጀመሪያ ውኃ ስጡ፣ መኖው ይከተል። የእያንዳንዷን መንቁር ጫፍ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጉ። አፍንጫዋ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

4. ለ5 ቀናት ጠዋትና ማታ ከኋላ እዩዋቸው። ኩስ ደርቆ መውጫዋን ከዘጋ ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ደረቁን አትንቀሉት፣ ቆዳዋ ይላጣል።

ሲበላሽ። እግሮቿ የተከፈቱባትን ጫጩት በዚያው ቀን ያዙ። ሁለቱን እግሮች በቀጭን የቁስል ፕላስተር አገናኙ፤ መሐላቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ደም እንዳይዘጋም አታጥብቁት። ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ፍቱት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተያዘ በኋላ የመስተካከሉ ተስፋ ጠባብ ነው። ኩሷ ደም ከተቀላቀለበትና ክንፏን ጥላ ከተኮማተረች ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ጠርጥሩ፦ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጡ፣ አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት በማሸጊያው ልክ ውኃቸው ውስጥ ጨምሩ፣ ሌላ ውኃ አትስጡ። መድኃኒቱን ለሁሉም ስጡ፤ አንዷ ላይ ከታየ ሌሎቹም ነክተውታል።

4. ከ6 ሳምንት እስከ መጀመሪያው እንቁላል፦ አታስቸኩሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጫጩቷ በ10 ሳምንቷ ረዥም እግር፣ ቀጭን ደረት፣ ያልተስተካከለ ላባ ይዛ ስትታይ የከሳች ትመስላለች። አልከሳችም። ብራህማ አስቀድማ አጥንቷን ትሠራለች፣ ሥጋው በኋላ ይሞላል። የሥጋ ዶሮ መኖ ብትሰጧት ክብደቱ አጥንቷን ይቀድመዋል፣ ከዚያ እግሯ ይጣመማል።

መኖውን በዚህ ቅደም ተከተል ስጡ፦ እስከ 8 ሳምንት ፕሮቲኑ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሆነ የጫጩት መኖ፤ ከዚያ እስከ መጀመሪያው እንቁላል 16 በመቶ አካባቢ የሆነ የቄብ መኖ። የእንቁላል ጣይ መኖ ከመጀመሪያው እንቁላል በፊት አይሰጥ፤ ካልሲየሙ ገና ያልደረሰችን ቄብ ኩላሊት ይጎዳል። አውራም አያስፈልገውም። አውራና ሴት አብረው ካደሩ ለሁሉም 16 በመቶውን ስጡና የተፈጨ የኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ቅርፊት በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። የምትጥለዋ ራሷ ትሄድበታለች።

ሙሉ ብራህማ በቀን 150 ግራም አካባቢ ትበላለች። አሥር ቢሆኑላችሁ በወር 45 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ባለ 50 ፓውንድ ከረጢት ነው። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት፤ እንቁላል እስኪመጣ 6 ወይም 7 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቀልባላችሁ።

በቆሎና የቤት ትርፍራፊ ከቀን መኖዋ ከአሥር እጅ አንድ አይለፍ። እንጀራ በጥቂቱ ችግር የለውም። ወጥ የነካው ግን ይቅር፣ የሚጎዳት ጨውና ቅባቱ ነው። በርበሬው አያቃጥላትም፤ ዶሮ የሚጥሚጣን ኃይል አትቀምስም፣ ፍሬውን እንዳለ ስትለቅም ታዩአታላችሁ።

በወር አንዴ ማታ ቆጥ ላይ ሳለች ደረቷን በእጃችሁ ዳስሱ። ላባው ዓይን ያታልላል። የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ከሾለ ከስታለች። ጨርሶ ካልተገኘ ወፍራለች፤ በቆሎውን አቁሙ። ወፍራም ብራህማ እንቁላል ታቆማለች፣ በሙቀትም ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት።

5. እግር

የእግር ላባ ጭቃ ይይዛል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ኳስ ሆኖ ጣቷን ይጎትታል። በብርድ ጊዜ ደግሞ እርጥቡ ላባ በረዶ ሆኖ ጣቷን ያበልዛል። ስለዚህ የመውጫውን ደጅና የውኃ ዕቃውን ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ደረቅ አሸዋ ሙሉ። የዝናብ ውኃ ወደ ግቢው እንዳይፈስ ቦይ ቅደዱ። ቤት ውስጥ ጉዝጓዙን 15 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። በረዶ ቀልጦ በሚያጨቀይበት ቀን አታውጧቸው።

በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዷን አንሱና እግሯን እዩ። አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ሁለቱን ክንፎች ከላይ በእጆቻችሁ ዝጉ፣ አንዱን እጅ ከደረቷ ሥር አሳልፋችሁ ክብደቷን እሱ ላይ አሳርፉ፣ ጎናችሁ ላይ አስጠጓት። አገር ቤት ዶሮ ከገበያ ስንሸከም እንደለመድነው እግሯን ይዞ መዘቅዘቅ እዚህ አይሠራም። በዚህ ክብደት መገጣጠሚያዋ ይጎዳል፣ ትንፋሽም ያጥራታል።

የምትፈልጓቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

የእግር እከክ። ቅርፊቶቹ ከቦታቸው ተነስተው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከሥራቸው ይወጣል። በዓይን የማትታይ ተባይ ቅርፊቱ ሥር ገብታ ትቆፍራለች። በሌሎች ዶሮዎች ቶሎ ይታያል፤ በብራህማ ግን ላባው ሸፍኖት ወራት ያልፋል፣ ስለዚህ ላባውን ገልጣችሁ እዩ። እግሯን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በለስላሳ ጥርስ ብሩሽ እሹ፣ አድርቃችሁ ቫዝሊን በወፍራሙ ቀቡ። ተባዩ አየር አጥቶ ይሞታል። በየሦስት ቀኑ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ድገሙት፣ ቆጡንም እጠቡ። የተነሳውን ቅርፊት አትላጡ። ካልተሻላት የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ይስጣት።

የመዳፍ እበጥ። ከመዳፏ ሥር ጥቁር ቅራፊ ያለበት እብጠት ነው። ከከፍታ መዝለልና ሹል ነገር ይቆርጡታል፣ ባክቴሪያ ይገባል። ገና ትንሽ ከሆነ በየቀኑ ለብ ባለ የጨው ውኃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በአዮዲን አጽዱ፣ በፋሻ ጠቅልሉ፣ ደረቅ ቦታ አቆዩዋት። እብጠቱ ጣቶቿ መሐል ከወጣ ወይም እግሯን ማሳረፍ ካቃታት ራሳችሁ አትቅደዱት።

የሚደማ ላባ። አዲስ የሚያድግ የእግር ላባ ሥሩ በደም የተሞላ ነው፤ ሲሰበር አለመጠን ይደማል። ሌሎቹ ቀዩን ሲያዩ መንቆር ይጀምራሉ። በንጹሕ ጨርቅ ያዙት፣ የበቆሎ ስታርች ነስንሱበት፣ እስኪደርቅ ለይታችሁ አቆዩ።

6. ጠባይ፦ ሴቶቹ

ብራህማ ትላልቅ ስለሆነች መንጋውን የምትገዛ ይመስላል። አይደለም። ሌግሆርን ወይም ሮድ አይላንድ ሬድ የተባለች ዝርያ ባነሰ ክብደቷ ከመኖው ታባርራታለች፤ ብራህማዋም መልሳ ከመጣላት ፈቀቅ ብላ ትቆማለች። መኖና ውኃ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ከሌላው በማይታይበት አኑሩ። አንዷ የአናቷ ወይም የጅራቷ ሥር ላባ ከተመለጠ የምትነክሰዋን ለዩ። የተነከሰችዋን ካወጣችሁ ስትመለስ እንደ እንግዳ ትቆጠራለች። ነካሿን ለአራትና አምስት ቀን ብታርቋት ግን ስትመለስ ደረጃዋ ዝቅ ብሎ ይጠብቃታል።

አዲስ ዶሮ ስትጨምሩ፦ 30 ቀን ጨርሶ በሌላ ቦታ አቆዩ፤ ከዚያ ከ7 እስከ 14 ቀን በሽቦ አጥር ማዶ እየተያዩ ይዋሉ፤ በመጨረሻ ከመሸ ቆጡ ላይ አስቀምጧቸው። ጠዋት ግፊያ ይኖራል፣ ተዉት። ደም ከታየ ወይም አንዷ ጥግ ይዛ መብላት ካቆመች አንድ ሳምንት ወደ ሽቦው መልሱ።

ረጋ ማለቷ የሚያመጣው ሌላ ችግር አለ፦ ሕመሟ አይታወቅም። ቀበጥባጣ ዶሮ ዝም ስትል ታስተውላላችሁ። ብራህማ ስትቀመጥ ግን «ጠባይዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምልክቱን ጠዋት ፈልጉት፦ በር ሲከፈት ወደ መኖው ያልመጣች ብራህማ ታማለች ብላችሁ ጀምሩ። ማታ አንገቷ ሥር ያለውን የጥሬ ከረጢት ዳስሱ፤ ሊሞላ ይገባዋል። ጠዋት ደግሞ ባዶ መሆን አለበት። ጠዋትም ከጠነከረ ወይም እንደ ሊጥ ሆኖ ከሸተተ ከመንጋው ለይታችሁ ለሐኪም አሳዩ።

በ30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ጥላ፣ ቀዝቃዛ ውኃና እግሯን የምትነክርበት ሰፌድ የሚያህል ዕቃ አዘጋጁ። አፏን ከፍታ ክንፏን ከጣለች እግሯንና ሆዷን ለብ ባለ ውኃ አርጥቡ። በበረዶ ውኃ አትንከሩ፣ ትደነግጣለች።

7. ጠባይ፦ አውራው

ብራህማ አውራ ከብዙዎቹ ዝርያዎች ይልቅ ትሑት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ይከፋል፣ የሚከፋውም ባብዛኛው ከ5 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከልጅነቱ ጭን ላይ ያደገው ጎረምሳ ሰውን አይፈራም፤ ሲጎለምስ እንደ ሌላ አውራ ይቆጥራችኋል። ሴቶቹን እንደፈለጋችሁ አላምዱ። ወንዱን ለምርመራ ብቻ ያዙት፣ ከእጃችሁም አትመግቡት።

ጥቃት ድንገት አይመጣም። አንድ ክንፉን ወደ መሬት ጥሎ በጎን ይዞራችኋል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዓይናችሁን ያያል፣ ዞር ስትሉ ከኋላ ይከተላል፣ ከዚያ ጫማችሁን ይነክሳል። በመጀመሪያው ምልክት ላይ እንዲህ አድርጉ፦

1. አትሩጡ፣ ወደ ኋላም አትበሉ። ከሸሻችሁ አሸነፈ።
2. አትርገጡት፣ በእንጨትም አትምቱት። የተመታ አውራ ጠላት መጣ ብሎ ይበልጥ ይዘጋጃል።
3. ቀስ ብላችሁ ወደ እሱ ተራመዱ፣ መንገዱን እስኪለቅ።
4. ካልለቀቀ ባልዲ ወይም ሰፊ ሰሌዳ በመሐላችሁ ይዛችሁ ግፉት።
5. ከተጋጠመ ያዙት፣ ክንፉን ዘግታችሁ ብብታችሁ ሥር አድርጉት፣ መታገሉን እስኪተው 10 ደቂቃ ያህል እንደያዛችሁት ሥራችሁን ሥሩ። ሲረጋጋ ብቻ አውርዱት።

ይህን ሁለት ሳምንት በየቀኑ አድርጉ፣ በመሐሉም ምክንያት ፈልጉ። ሴቶቹ አንሰዋል? ለአንድ አውራ ከ6 እስከ 8 ብራህማ ሴት ይበቃል። ማዶ ሌላ አውራ ይታየዋል? ተባይ አስቸግሮታል? ብራህማ ቅንድቡ ወጣ ያለ ስለሆነ ከላይ የሚመጣ እጅ ያስደነብረዋል፤ ከፊት እየተናገራችሁ ቅረቡት።

ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ግን ሁለት ሳምንቱን አትጠብቁ። አምስት ኪሎ አውራ ሲዘል ከተረከዙ በላይ ያለው ሹል የትንሽ ልጅ ፊት ላይ ይደርሳል። አንዴ ልጅ ላይ ከዘለለ ቦታው ድስት ነው። ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትም አይገባም፤ ለእርባታም ዘሩን አትውሰዱ።

ጠባየ መልካሙም በክብደቱ ብቻ ሴቶቹን ይጎዳል። ጀርባቸው ከተራቆተ ጨርቅ የዶሮ ጀርባ ልብስ አልብሷቸው፣ የሹሉን ጫፍ በጥፍር ሞረድ አደንዝዙ። ሥሩን አትንኩ፣ ሕይወት አለው።

8. እንቁላልና መታቀፍ

በሳምንት 3 ወይም 4 ቡናማ እንቁላል ጠብቁ። በክረምት ከሌሎች ይልቅ ትበረታለች። እንቁላሉ ዘር ካልያዘ አውራውን ከመውቀሳችሁ በፊት በአውራውም በሴቷም የኩስ መውጫ ዙሪያ ያለውን ወፍራም ላባ በመቀስ አሳጥሩ። ላባው ብቻ ይከለክላል።

ብራህማ በፈቃዷ ትታቀፋለች፣ ጥሩ እናትም ናት፤ ግን እንቁላል ትሰብራለች። ከ10 በላይ አታስታቅፏት። ጎጆውን መሬት ላይ፣ ሳህን መስሎ ጎድጎድ ያለ አድርጉት። በቀን አንዴ ለመኖና ለውኃ ካልተነሳች አንሷት፤ ስታነሱ ከክንፏ ሥር የተጣበቀ እንቁላል እንዳይወድቅ እዩ። በ21ኛው ቀን ሲፈለፈሉ አትነካኩ። እንድትታቀፍ ካልፈለጋችሁ ወለሉ ሽቦ በሆነ ሣጥን፣ መኖና ውኃ አድርጋችሁ፣ 3 ወይም 4 ቀን አቆዩዋት።

9. ትርፍ አውራዎች

ለዶሮ ወጥ ከ7 እስከ 8 ወር አድርሷቸው። ከዚያ በፊት አጥንት ብቻ ነው። ጓሮ ማረድ በከተማችሁ መፈቀዱን አረጋግጡ። ከዋዜማው መኖ ከልክሉ፣ ውኃ ተዉ። ለመንጨት ውኃው 65 ዲግሪ አካባቢ ይሁንና አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩ፤ ከፈላ ቆዳው ይበስልና ከላባው ጋር ይወጣል። የእግር ላባው ግትር ነው፣ እግሩን ከጉልበቱ ቆርጦ መጣል ይቀላል። 12 ብልት ካወጣችሁ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ሥጋው እንደ ሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ ከሱፐርማርኬቱ ዶሮ ቀድሞ ቁሌቱ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በዝግታ ይብሰል፣ ጭኑ በሹካ ሲወጋ እሺ ካላለ ፍል ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ቀጥሉ።